የቅዳሜው ጭብጨባ

«አጨብጭቡላት!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሌላ ሰው ላይ ማላከክ እችላለሁ፤ ማናጀሩ ላይ፣ ፋብሪካው ላይ፣ አዲስ አበባ ድረስ አስጠርተው ያሰለጠኑኝ ሰዎች ላይ። ያቺን ቃል ግን ከአፌ ያወጣኋት እኔው ነኝ፤ አርባ ሴትም ሰምታኝ አጨብጭባለች።

እፀገነት እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ አጠገብ ባለው የልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሕፃናት ፒጃማ የሚሰፋበት የሦስተኛው ላይን ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ስድስት ቀን የአመራር ስልጠና ወስጃለሁ፤ ሰርተፍኬቱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሰልጣኙ ማይክ ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ «ድክመቱን በሰው ፊት የሚናገር ሠራተኛ ያድጋል፤ እንዲናገር የሚያደርገው ደግሞ መሪ ይባላል» አለን። ጻፍኩት። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ስመለስ ደንብ አወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት የስፌት መኪናዎቹ ከመነሳታቸው በፊት አንዷ ሠራተኛ ተነስታ አንድ ድክመቷን ትናገራለች፤ እኛ እናጨበጭባለን። አንዷ «አረፍዳለሁ» ትላለች፣ ጭብጨባ። ሌላዋ «ወሬ አበዛለሁ» ትላለች፣ ጭብጨባ። ሴቶቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ጣጣ የማያመጣባቸውን ድክመት እየመረጡ ነበር የሚናገሩት። ነገሩን ከልቧ የወሰደችው እትዬ ቦጋለች ብቻ ናት።

እትዬ ቦጋለች ሙያ ያስተማረችኝ ሴት ናት። ከገጠር፣ ከሐርላ መጥቼ ስቀጠር የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። መኪናዋ በጮኸች ቁጥር እጄን ስሰበስብ፣ እጄን በእጇ ይዛ ጨርቁ ላይ ያስኬደችው እሷ ናት። «አትፍሪያት፤ ጨርቁን አትጎትቺው፣ እሷ ራሷ ትወስደዋለች» ትለኝ ነበር። ሱፐርቫይዘር የሆንኩ ቀን ከወለደችኝ እናቴ በላይ እልል ያለችውም እሷ ናት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዓይኗ ደከመ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ክር የምታስገባው በዳበሳ፣ ጠርዙን የምትለካው በጣቷ ሆነ። የሚገርመው ስፌቷ አይጣመምም። መርፌ ግን ትሰብራለች።

እኛ ጋ መርፌ መስበር ቀላል ነገር አይደለም። ስባሪው አንድም ሳይጎድል ተለቅሞ፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ካልተመለሰ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ፍንጣሪ ከጎደለ ደግሞ አካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ታግቶ ይፈተሻል፤ የሚለብሰው ሕፃን ነዋ። ላይኑ ይቆማል፣ ታርጌት ይወድቃል፣ የሱፐርቫይዘሯ ስም ይጠፋል። መርፌ በዛ የተባለባት ሠራተኛ ደግሞ በወሩ ትሰናበታለች። ስለዚህ እትዬ ቦጋለች መርፌ ስትሰብር በቀስታ «እፀ» ትለኛለች። እኔም እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ እልና ስባሪውን በማግኔት እለቅማለሁ፤ የተሰበረው ሌላ መኪና ላይ ነው ብዬ አስመዝግቤ አዲሱን አመጣላታለሁ። ለእሷ ብዬ ነው እል ነበር። ግማሹ ለእሷ ነው፤ ግማሹ ለስሜ ነው።

ግንቦት ላይ፣ ድሬ እንደ ምድጃ በምትግልበት ሰሞን፣ በነፃ የሚያክሙ የዓይን ሐኪሞች ለአምስት ቀን ከተማ ገቡ። እትዬ ቦጋለች በምሳ ሰዓት መጣች።

«እፀ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ስጪኝ። ዓይኔን ይሠሩልኛል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አሉ።»

«በዚህ ሳምንት? አቦ እትዬ ቦጋለች፣ ዕቃው ሐሙስ ይጫናል እኮ! ለሚቀጥለው ዙር ያድርሰን።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?»

«ይመጣሉ፤ አይቀሩም።»

መቼ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር። ለማወቅም ማንንም አልጠየቅኩም። እሷ «እሺ ልጄ» ብላ፣ የመኪናዎቹን ጠርዝ በእጇ እየነካካች ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በዚያው ወር የክፍል ኃላፊው ለቀቀና ቦታው ክፍት ሆነ። የተወዳደርነው ሁለት ነን፤ እኔና የሁለተኛው ላይን ሱፐርቫይዘር ፊርዶስ። ፊርዶስ ስልጠና አልሄደችም፣ ሰርተፍኬት የላትም፤ ሠራተኞቿ ግን ይወዷታል፣ እኔ ደግሞ ይህ ነገር ያንጨረጭረኛል። ማናጀሩ አቶ ዓብዩ «የቅዳሜ ፕሮግራምሽን ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ከፊርዶስ ጋር መጥተን እናየዋለን» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ወዲያው ደግሞ ጭንቅ ያዘኝ። «አረፍዳለሁ» በሚል ድክመት ማናጀር አይደነቅም፤ ከበድ ያለ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ዓርብ ማታ ሰርቪሱ ውስጥ ከእትዬ ቦጋለች አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ነገ አንቺ ተናገሪ።»

«ምን ብዬ?»

«ስለ ዓይንሽ።»

መኪናው ሁለት ፌርማታ አለፈ።

«ያባርሩኛል እፀ። ሌላ ምን አለኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ ይቺው ስፌቴ ናት።»

«እኔ እያለሁ ማን ነው የሚያባርርሽ? እንደውም አቶ ዓብዩ ራሱ የሕክምናውን ፈቃድ ይፈርምልሻል። ወላሂ!»

ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ አልኩ። ድሬ ውስጥ ሲማል ሁላችንም ወላሂ ነው የምንለው፤ ሲዋሽም እንደዚያው። እሷ ግን አመነችኝ። ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «አንቺ ካልሽ እሺ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። አቶ ዓብዩ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፊርዶስ ከጎኑ ናት።

«ቦጋለች እባላለሁ። የእኔ ድክመት ዓይኔ ነው። ከዓመት በላይ ሆነኝ፤ የምሰፋው በዳበሳ ነው» አለች። እኔ በልቤ «ጎበዝ! እዚህ ላይ ብቻ አቁሚ» እላለሁ። እሷ ግን አላቆመችም፤ በአለቃዬ ፊት ልታመሰግነኝ ፈለገች። «መርፌ እሰብራለሁ። እግዜር ይስጣትና እፀገነት ስባሪውን እየለቀመች፣ በሌላ መኪና እያስመዘገበች ባታኖረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚህ አልቆይም ነበር።»

አቶ ዓብዩ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «እውነት ነው? የተሰበረ መርፌ ስትደብቂ ነበር?»

ፊርዶስ ታውቃለች። አንድ ቀን ስለቅም አይታኝ፣ ምንም ሳትናገር አልፋለች። አሁንም ምንም አትናገርም፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም። አንዲት «አዎ» ብናገር ኃላፊነቱ ቀርቶ ሱፐርቫይዘርነቴም ይሄዳል። ላስብበት እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም።

«እኔ? ፈጽሞ! ይህን ገና አሁን መስማቴ ነው።»

እትዬ ቦጋለች ድምፄ ወደመጣበት ዞረች። ፊቷን አየሁት። ንዴት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የነበረው ግን ድንጋጤ ነው፣ እሱም ለራሷ ሳይሆን ለእኔ። ባለማወቋ ጉድጓድ የቆፈረችልኝ መስሏት ደነገጠች።

«እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል» አለች ቀስ ብላ። «ዓይኔ አያይም እኮ። ሌላ ሴት ትሆናለች።»

ከኋላ አንዷ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሳቁ ከበረታ አቶ ዓብዩም ይስቃል፣ ከሳቀም ጥያቄውን ይረሳል ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው እጄን ከፍ አድርጌ «አጨብጭቡላት!» ያልኩት። አጨበጨቡላት፤ አቶ ዓብዩም እየሳቀ አጨበጨበ። እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነች።

ረቡዕ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። በሹመት ደብዳቤዬ ላይ «በሠራተኞቿ መካከል ግልጽነትን በማስፈኗ» የሚል ተጽፎበታል። አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ የመጀመሪያ ሆኖ የቀረበልኝ ወረቀት የእትዬ ቦጋለች የስንብት ደብዳቤ ነው፤ መፈረም ያለበት የክፍል ኃላፊው ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። አዲስ ፊርማ ተለማምጄ ነበርና አሳምሬ ፈረምኩ።

ደብዳቤውን ራሴ ወሰድኩላት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ መልሳ ሰጠችኝ።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። «በራስዎ አንደበት በሰጡት ማረጋገጫ መሠረት» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እስክጨርስ ድረስ እጇን መኪናዋ ላይ እንዳሳረፈች ናት።

«የፈረመው ማን ነው?»

«አቶ ዓብዩ።»

«አውቄዋለሁ። አንቺማ እጅሽ ቢቆረጥ አትፈርሚም።» ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ቀጥሎም በዳበሳ ጭንቅላቴን አግኝታ መረቀችኝ። «ከፍ በይ ልጄ። ከዚህም በላይ ከፍ በይ» አለችኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

ነሐሴ ላይ ፊርዶስ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ምክንያቱን «የቤተሰብ ጉዳይ» ብላ ጽፋለች፤ ፈረምኩላት። ሐኪሞቹ ለሁለተኛ ዙር መምጣታቸውን፣ ፊርዶስም እትዬ ቦጋለችን ይዛ ተሰልፋ ማሳከሟን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የታሰበኝ ፊርማዬ ያለበት ያ ደብዳቤ ነው።

በማግስቱ ሙዝና ጁስ ገዝቼ በባጃጅ ገንደ ቆሬ ወዳለው ቤቷ ወረድኩ። እትዬ ቦጋለች ጥቁር መነጽር አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እፀ ነሽ? በድምፅሽ አወቅኩሽ» አለች።

«እንኳን ማረሽ! ማየት ጀመርሽ?»

«ቀስ በቀስ ነው አሉኝ።»

ትንፋሼ መለስ አለ። ወሬውን አላስረዘምኩትም። «ያ የስንብት ደብዳቤ አለሽ? ይግባኝ ልጽፍልሽ ነው የመጣሁት። ዋናው ወረቀት ያስፈልገኛል።»

«አቶ ዓብዩ ይሰማሻል?»

«የፈረመው እሱ፣ የሚያነሳውም እሱ! በእኔ እጅ ቢሆንማ ኖሮ እፈርም ነበር?»

«አትፈርሚም ነበር?»

«ወላሂ አልፈርምም።»

ተነሳች። ምንም ሳትዳብስ በርጩማውን ዞራ ሳጥኗ ጋ ሄደች፣ ከወረቀቶቿ መካከል አንዱን መዝዛ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱ እጄ መግባቱን ብቻ ነበር ያየሁት። ቶሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልሄድ ስነሳ «ቆይ» አለችኝ።

«የቀሚስሽ ጫፍ ተተርትሯል። የክፍል ኃላፊ እንዲህ ሆና አትሄድም።»

መነጽሯን አወለቀች። መርፌና ክር አነሳች፤ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባችው። እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫፉን ትሰፋ ጀመር። ወይ መሸሽ፣ ወይ መቀመጥ አቅቶኝ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ደብዳቤውን ውሰጂው» አለች። «ትናንት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፊርማሽ ያምራል።»

ያን ቀሚስ ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም። ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።