የተቃጠለ ዘይት

ኢንጂነር ሰምሃር የድሮ ወታደራዊ ካምፓችንን ካርታ ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ስለተበከለ አፈሩን በሙሉ አስቆፍራ በገልባጭ መኪና ልታስወስድ ነው።

"አራት ሄክታር ሙሉ? ምን ነካሽ ልጄ!" ብዬ ጮህኩባት። ሃያ ዓመት የካምፑ መካኒክ ነበርኩ። "እዚህ ጎመን ተክለን ነበር። እዚህ ደግሞ መረብ ኳስ እንጫወት ነበር። ዘይት የተደፋው ከጋራዡ ጀርባ፣ እዚህች ጥግ ላይ ብቻ ነው።"

ጥጓን በእስክሪብቶ አከበበቻት። "ነገውኑ ናሙና አስወስዳለሁ። እውነት ከሆነ ወጪው አንድ አስረኛም አይሞላም! ግን በምን አወቁ፣ ጋሼ?"

"የደፋሁት እኔ ነኛ!"

ሳቋ አመለጣት። "እንግዲያውስ የመጀመሪያውን አካፋ የሚጨብጡት እርስዎ ነዎት።"