የሰዓት ሠሪው ካርቶን

ልብስ ሰፊዋ መጠለያ ከገባች ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም። መጠለያው የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ዴስኮቹ ጥግ ላይ ተቆልለው ሰዉ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቷል። እሷ ትነሳለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ብርድ ልብሷን ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋዋለች። ግድቡ ተሰንጥቋል ተብሎ የወንዙ ዳር ሰፈር በአስቸኳይ ይለቀቅ ሲባል ሱቋን ቆልፋ ባዶ እጇን ነበር የወጣችው።

«እታለም፣ በፈጠረሽ ተቀመጪ! አንቺን ሳይ እኔም ዞረብኝ» አላት ወንድሟ። ታናሿ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። እሱና ሚስቱ ከጎኗ ነው የሰፈሩት።

«የሰው ልብስ ነው እኮ! የራሴ ቢሆን ውሃ ይብላው። የሚዜዎቹ ቀሚስ አለ። የሚስቱን ካፖርት ለልጄ አጥብቢልኝ ብሎ የሰጠኝ ሰውዬ አለ። ሚስቱ ሞታለች፤ ሌላ ካፖርት ከየት አመጣለታለሁ?»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግድቡ እንዳልፈረሰ፣ ወንዙ ግን ሞልቶ የታችኛውን መንገድ እንደያዘው ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን አጠለቀች።

«የት ልትሄጂ ነው? ማስታወቂያውን አልሰማሽም?»

ያልሰማ አልነበረም። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ጠዋት ማታ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ እየዞረች ትለፈልፋለች፤ በተለቀቀው ሰፈር ገብቶ የሰው ንብረት ሲያወጣ የተገኘ እንደ ተራ ሌባ አይታይም፣ ቅጣቱ ከባድ ነው።

«ወደ ገዛ ሱቄ ነው የምሄደው። ምን ሰረቅኩ?»

ወንድሟ ሚስቱን አየት አደረገና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ብቻሽንማ አትሄጂም።»

በጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ኮረኮንች ገቡ። ሱቋ ጋ ውሃው ከጉልበት በታች ነበር፤ ቡናማ፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚል። የመስኮቱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት በጀርባዋ ተንሳፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ልብሶቹ ግን ከፍ ብለው ስለተሰቀሉ ከአንዳንዱ ጫፍ በቀር አልራሱም። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስምና ልክ የተጻፈበት ወረቀት በስፒል ተይዟል። እያወረደች ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች፣ እሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ይጭናል።

ሁለት ጊዜ ተመላለሰና ቀረ። ጠበቀችው። ከውጭ ብረት ሲንቋቋ ሰማች።

«የት ገባህ?» ብላ ጮኸች።

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

ቁና ቁና እየተነፈሰ መጣ። አንዱ እጅጌው እስከ ትከሻው ርሷል። ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና ትታው የቀረውን ማዳበሪያ አሸከመችው።

ሲመለሱ ኬላ ላይ ተያዙ። ሳጅኗ ማዳበሪያዎቹን አስፈታች፤ አንዱን ወረቀት አንብባ ቀና አለች።

«ወገብ ሰባ ስምንት። ይሄ ምንድን ነው?»

«የደንበኛዬ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሁሉም ስም አለ።»

ሳጅኗ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ይሄኔ አንዱ ፖሊስ የኋላውን ወንበር አንስቶ ካርቶን አወጣ። ውስጡ የእጅ ሰዓት ነው፤ ሁሉም በየትንንሽ ላስቲኩ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስም ተጽፎበታል። ልብስ ሰፊዋ ጽሑፉን አወቀችው። ሰዓት ሠሪው ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው።

«ይሄስ?» አለች ሳጅኗ።

ወንድሟ ቀድሞ መለሰ። «የጎረቤቷ ነው። አውጪልኝ ብለዋት ነው። አይደል እታለም?»

ሳጅኗ ወደ እሷ ዞረች። «ከመናገርሽ በፊት ስሚኝ። በደህናው ቀን ቢሆን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ግን ሰው ነፍሱን ላድን ብሎ ጥሎት ከወጣው ቤት ነው የተወሰደው። ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያስፈርዳል። ሰውዬውን ከመጠለያው አስጠርቼ እጠይቃለሁ። አውጪልኝ ብለውሻል?»

ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ያያል። ከንፈሩ ደርቋል። እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ያሳደገችው፤ ይህን ፊት ታውቀዋለች። አዎ ብትል ሽማግሌው ምን እንደሚሉም ታውቃለች። ለእሷ ሲሉ ይዋሹላታል። ንብረታቸውን ዘርፎ፣ ደግሞ ለዘራፊው እንዲዋሹ ማድረግ።

«አላሉኝም» አለች።

ወንድሟ እጁ ሲታሰር ጮኸ። «ውሃ ሊወስደው ነበር እኮ! እኔ ወሰድኩት ውሃ ወሰደው፣ ለሽማግሌው ምን ልዩነት አለው?»

ፖሊሶቹ ወደ መኪናቸው አስገቡት።

እሷም ሁለት ቀን ታሰረች። ጣቢያው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ፣ አብረዋት የታሰሩት «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን ጨረስሽው!» እያሉ አሾፉባት። እሷ የምታስበው ስለዚያ የራሰ እጅጌ ነበር። ያኔ ብትጠይቀው ኖሮ ካርቶኑን አስመልሳው ይወጡ ነበር። አውቃ ነው ዝም ያለችው ወይስ ቸኩላ? እውነቱ ለራሷም አልጠራ አላት።

ደንበኞቿ መጥተው ልብሳቸውን ለዩ። ሰውዬው የሚስቱን ካፖርት ወረቀቱ ሳይነበብለት፣ ገበሩን ገና ሲያይ ነው ያወቀው። ወደተከለከለ ሰፈር በመግባቷ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት ተለቀቀች።

ወንድሟ ፍርድ ቤት የቀረበ ቀን ሰዓት ሠሪው ምስክር ሆነው ቆሙ። «ካርቶኔ ተመልሶልኛል፣ ክቡር ዳኛ። ልጁን ከትንሽነቱ አውቀዋለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አባቴ፣ ይቅርታዎ ይመዘገባል» አሉ ዳኛው። «ግን ከእርስዎ መንገድ በታች የሚኖሩ፣ ሌባ ይገባብናል ብለው አንወጣም ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ከጣሪያ ላይ በጀልባ ነው የወረዱት። ሰው የዘጋው በር እንደተዘጋ እንደሚቆይ ካላመነ፣ ነገ ውጡ ስንለው አይወጣም።»

በሽማግሌው ይቅርታና ከዚህ በፊት ባለመከሰሱ ዝቅተኛው ቅጣት ተወሰነለት፤ ሦስት ዓመት። የወንድሟ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት።

«ጨርቅ አድነሽ ወንድምሽን አሰጠምሽው» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተጠግታ መንገድ ለቀቀችላት።

እስር ቤት ሁለት ጊዜ ሄዳ አልወጣም አላት። በሦስተኛው ወጣ። ከስቷል። በሽቦው ማዶ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«አዎ ብትዪ ኖሮ አሁን ቤቴ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌው አያሳፍሩሽም ነበር።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

እግሩን ወለሉ ላይ አሸ። «ይቅር አላልኩሽም።»

«እኔም ገና አልጠየቅኩህም። አንተም አልጠየቅከኝም። ስሜን ጠርተህ እኔ ላይ ነው የለጠፍከው፣ ታስታውሳለህ?»

ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። ጠባቂው ሰዓቱን አየ።

«ሚስቴስ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«በሩ ላይ ናት። ከእኔ ጋር አልገባም ብላ ነው።»

የቀራትን ደቂቃ ሳትጨርስ ወጣች። የወንድሟ ሚስት አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ሰላምታ አልሰጠቻትም።

«ይጠብቅሻል» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። ምግብ የያዘውን ፌስታል አቀበለቻት። «ይሄን አስገቢለት፤ ከእኔ ነው አትበይው።»

ሴትየዋ ፌስታሉን ተቀበለች። ጥቂት ተራምዳ ዞር አለች።

«እነግረዋለሁ» አለችና ገባች።