ሰላምታ በሃያ ሰከንድ

ስሜ ዋለ ነው። መተማ አጠገብ ኮኪት ላይ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የተሰበረ ስክሪንም እቀይራለሁ። ግልፍተኛ ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። «ቀልጣፋ» የሚባለውን መተግበሪያ በየሰው ስልክ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝና በሱ ለመናደድ ከማንም በላይ መብት አለኝ።

የሠራው ኩባንያ አዲስ አበባ ነው ያለው። ያሰበውም ለሰሊጥ ነጋዴ ነበር፤ ገዢ ዋጋውን በድምፅ ይናገራል፣ ሻጭ በድምፅ ይመልሳል። ሰው ግን የራሱን አመል ይዞ ገባ። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረደው ሠራተኛ «የኮኪት ክፍል» የተባለውን የድምፅ መድረክ የሰላምታ መላኪያ አደረገው። አንዱ አብደራፊ ያለ ወንድሙን ይጠይቃል፤ ወንድሙን ያየ ሾፌር ከመተማ ዮሐንስ ይመልሳል። ያውም እንዴት ያለ ሰላምታ! ጤናው ተጠይቆ፣ ላሟ ተጠይቃ፣ ዝናቡና የክርስትና አባቱ ወገብ ተጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ስልካቸውን ሱቄ ሰክተው አብረው ያዳምጡ ነበር። አይቻት የማላውቃት ሴትዮ ላሟ ወለደች ሲባል እኔም እልል ብያለሁ። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። አሁን ሁሉም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ለብቻው ይስቃል።

ከሁሉም ከልቤ የማይወጡት እትዬ ታንጉት ናቸው። ልጃቸውን አንዱአምላክን ተከትለው ከጎጃም ወርደው፣ እርሻ ላይ ለሠራተኛ ምግብ ያበስላሉ። ልጁ ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ፤ የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ድምፁ ጠፋ። እሳቸው ስልክ የላቸውም፣ እሱም የማንንም ቁጥር በቃሉ አይዝም። «ክፍሉን ያውቀዋል፤ ስልክ ሲያገኝ እዚሁ ይመጣል» እያሉ በየእሁዱ በእኔ ስልክ ሰላምታ ያስቀምጡለት ነበር። ሌላ የሚገናኙበት መንገድ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ኩባንያው ማንኛውም መልእክት ከሃያ ሰከንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ደወልኩ። ሰርካለም የምትባል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አነሳችው።

«አገልግሎቱን ለማፍጠን ነው፣ አቶ ዋለ። ሰላምታውን ትንሽ ማሳጠር አይቻልም?»

«የቱን ልተውልሽ? ሰውየውን ነው ላሟን?»

ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ሰማኋት። ትእዛዙ ግን ከበላይ ነው አለች።

የሰሊጥ መጋዘኑ ዘበኛ አዛናው «አብ ሲነካ ወልድ ይነካ!» ብሎ ተነሳ። ሁሉም ለኩባንያው ለራሱ ሰላምታ ይልክ ጀመር። «ኩባንያው፣ እንዴት ከርመሃል? ልጆችህስ? ጥርስህን ተሻለህ?» ሳምንቱን ሙሉ የሺህ ሰው ሰላምታ ዘነበባቸው። እኔም እየላክሁ ሆዴን ይዤ ስስቅ ከረምኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ቤቱ የኛ አለመሆኑን የረሳነው ያኔ ነው። «ክፍሉ ከዓላማው ውጭ ስለዋለ ቅዳሜ ማታ ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ መጣ። በኔ ምክንያት እትዬ ታንጉት ልጃቸውን ሊያጡ ነው።

በቀረችው ጊዜ ሁሉንም ለመንኩ፦ ያላችሁበትን አስቀድሙ፣ ሰላምታው ይደርሳል።

«ሰላም ሳልል?» አለኝ አዛናው። «ኧረ ከብት ነኝ እንዴ!»

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ታንጉት ሱቄ ተቀምጠው ሳለ፣ ከማናውቀው ስም አንድ ድምፅ ገባ። ከፈትኩት። እሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«እምዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ደህና ነሽ ወይ? ጉልበትሽስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አባ ደረበ ደህና ናቸው? ላሚቱ ወለደች? ጥጃዋስ? ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት...»

ተቆረጠ። አንዱአምላክ የሄደው የሃያ ሰከንዱ ገደብ ሳይመጣ ነው፤ መልእክቱ ሙሉውን የደረሰ መስሎታል። ክፍሉ በአንድ አፍ «የት ነህ? ያለህበትን ተናገር!» እያለ ጮኸ። መልስ የለም። የተዋሰውን ስልክ መልሶ ይሆናል። ሲመሽ ክፍሉ ተዘጋ።

ሰርካለም ጋ ደወልኩ። ከየትኛው ቁጥር እንደተላከ ብቻ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

«የተጠቃሚ ምስጢር ነው፤ አልችልም» አለች። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ እያወቅኩ ሰደብኳት።

የልጁን ድምፅ በሌላ ስልክ ቀድቼው ነበር። እትዬ ታንጉት ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። በየጥያቄው መሐል እንዳቆምላቸው በእጃቸው እያመለከቱኝ አንድ በአንድ መለሱለት።

«ደህና ነኝ ልጄ። ጉልበቴም ተሽሎታል። አባ ደረበ ደህና ናቸው። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋም ሣር ጀምራለች።»

ዝናቡ ላይ ሲደርስ ድምፁ አለቀ። ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«ጤና ሳይጠይቅ ወሬ እንዳይጀምር እኔ ነኝ የቀጣሁት» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። «ዋለ፣ ምን ነበረበት ትንሽ ባለጌ አድርጌ ባሳድገው!»