የሐረግ ስም

ፊርደውስ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ሐረግ እየጠበሰች ትሸጣለች። ሐረግ ሊጡ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ስኳር የሚነሰነስበት ጣፋጭ ነው። ሙያውን የወረሰችው ከአያቷ ከወይዘሮ ዘይነባ ሲሆን፣ ቤተሰቡም ስሙ ከተጠማዘዘ መልኩ የመጣ ነው ሲል ኖሯል። ደሴ ላይ ለሚከፈተው የባህል ምግብ ኤግዚቢሽን ምግቦችን የሚመዘግበው ባህሩ ይህንኑ ጽፎ፣ የከተማውን ሰው እንዲሰማው አዳራሽ ጠራ።

አንብቦ ሳይጨርስ ነጠላ ያጣፉ ሴት ከኋላ ተነሡ። አልታየች እንደሚባሉ፣ ከከላላ ለዚሁ ነገር እንደመጡ ተናገሩ። ሐረግ፣ አሉ፣ የእናታቸው ስም ነበር። ዘይነባ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ይህን ጣፋጭ ፈልስፋ ያወጣችው እሷ ነች። አንድ ቀን እሳቸውን አዝላ ከዚያ ቤት ወጣች፤ ለምን እንደወጣች ሳትናገር ሞተች።

የፊርደውስ ባል ያሲን ማስረጃ ጠየቃቸው። ከእናታቸው ቃል በቀር ምንም እንደሌላቸው ሲናገሩ ፊት የተቀመጡት ሳቁ። ባህሩ ወደ ፊርደውስ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አያቷ አልጋ የያዙ ክረምት እሷ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። በር በተንኳኳ ቁጥር «ሐረግ መጣች?» ይሉ ነበር። ቤተሰቡ አምሯቸው ነው ብሎ ትኩስ ትኩሱን ሲያቀርብላቸው፣ ሳይቀምሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይህን የሚያስታውስ ከእሷ ሌላ በሕይወት የለም። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ያሲን ክርኗን ጨበጥ አደረገው።

ተነሣችና ሁሉንም ተናገረች።

«ይጠይቁ የነበረው ስለ ሰው ይሁን ስለ ጣፋጩ አላውቅም፤ ወላሂ አላውቅም። ግን አንድም ቀን አልቀመሱትም።»

ባህሩ የጻፈውን ሰረዘ። አመጣጡ በውል ያልታወቀ ነገር ደሴ ይዞ እንደማይሄድ አስታውቆ ወረቀቱን አጠፈ። ያሲን ሚስቱን ሳያናግር ወጥቶ ሄደ።

አልታየች የአዳራሹ ደጅ ላይ ጠበቋት። ስለ ጣፋጩ አላነሡም።

«በር ሲንኳኳ ነው ያልሽው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንድ ቀን ብቻ ነው?»

«እስኪሞቱ ድረስ።»

አልታየች ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፊርደውስም የከላላው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች።