ለሹፌር የተሰጠው ፖስታ

ጀቤሳ ሚኒባሱን ሊሙ ገነት መናኸሪያ አቁሞ ስልኩን አነሳላት። «ፖስታሽን ሳሊሀ ሱቅ ጥዬልሻለሁ፤ አማትሽ አይደለች?» ሲላት የሩፈይዳ ወሽመጥ ቁርጥ አለ።

ፖስታው ውስጥ ያለው የሕክምና ታሪኳ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ጅማ እየተመላለሰች ኪኒን ትወስዳለች፤ ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ግን ይህ ከተማ አንድ ጊዜ «የሚጥላት» ካለ አለ ነው፤ ልጆቹን የምታስተምርለትን እሷን እንኳ በዚያ ዓይን ማየቱን አይተውም። የሳሊሀ ልጅ ሙሀጅር በሚቀጥለው ወር ሊያገባት ነው። ዛሬ ነገ ስትል ሳትነግረው ቀርታለች።

ሆስፒታሉ ክትትሏን ወደ ሊሙ ገነት ጤና ጣቢያ ሊያዛውር ሲል፣ ወረቀቱን በእጄ ስጡኝ ብላ ለምና ነበር። ሐኪሙ ሳይፈርም መኪና ሊያመልጣት ሆነና የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አብነት ለምን ትንገላቻለሽ፣ በሹፌር እልከዋለሁ አላት። አብነት ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉዱን ያመጣው ደግነቱ ነው። በዚህ መንገድ የወፍጮ ቀበቶውም የሙሽራ ጫማውም በሹፌር ይሄዳል። የሰውን ገመና እንደ ጫማ መላክ ግን ምን የሚሉት ነው? ስሟን በትልቁ ጻፈበት፤ አፉን በአንድ የስቴፕለር ሽቦ መታውና ሰደደው። ጀቤሳም ሙሽራዋ ነገ ወደምትገባበት ቤት ያደረሰላት መስሎት ነበር።

ሱቁ እስክትደርስ አልተከፈተም፣ አልተከፈተም እያለች ለራሷ ትምላለች። ሰላምታ የሚሰጣት ሰው ሁሉ የሰማ መሰላት።

ሳሊሀ ስታያት ደንበኞቿን ቶሎ ሸኝታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ፖስታው ባንኮኒው ላይ ነው። ሽቦው ተነቅሏል።

«ክፉ ነገር መስሎኝ ለጢፋን አስነበብኳት» አለች ሳሊሀ። ለጢፋ የጤና ኮሌጅ ተማሪ ልጇ ናት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አትንቀጥቀጪ። በሽታ የአላህ ነው። ሰርጉም አይቀርም።»

ሩፈይዳ የቡና ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ሳሊሀ ፀጉሯን እየዳበሰች ቀጠለች፤ ሙሀጅር ምንም አይሰማም፣ ጤና ጣቢያ ሰው እንዳያያት ኪኒኑን ለጢፋ ከጅማ ታመጣለች፣ ሩፈይዳም ማስተማሩን ትታ እዚሁ ሱቁ ውስጥ ሳሊሀ ዓይን ሥር ትውላለች፤ ጤና ጣቢያም ጅማም መመላለስ ቀረ፣ ያለ እሷ ፈቃድ የትም መሄድ ቀረ። ይህን ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ ነው የምትናገረው። ስትጨርስ ፖስታውን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«እኔ እይዝልሻለሁ» አለች።

ሩፈይዳ «እሺ ሀርሜ፣ እሺ እናቴ» ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣባት። ዛሬ እሺ ካለች ዕድሜ ልኳን እሺ ስትል ልትኖር ነው። ስልኳን አወጣች። ሙሀጅር ጋ ደወለች።

«ሙሀጅር፣ የሚጥል በሽታ አለብኝ። መድኃኒት እወስዳለሁ። ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ ፈርቼ ነው።»

ዘጋብኝ ብላ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ስታየው ድምፁ መጣ።

«ከኔ በፊት ማን ያውቃል?»

ሩፈይዳ ቀና ብላ ሳሊሀን አየቻት። የሳሊሀ ፊት አመድ መስሏል፤ እጇ ደረቷ ላይ ፖስታውን ጨብጦ ቀርቷል።

«እናትህ» አለችው።