ሶስና ሮቢ ወንዝ የገባች ዕለት

ይህች ክንዷ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ፣ ያንን ጌታቸውን የሚያህል ሰው ውሃ ውስጥ አጋድማ እንዴት አድርጋ ታነሳዋለች? ራሴን ጠየቅሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ከጸሎቴ በኋላም ጠየቅሁ።

ጌታቸው ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ጫኝ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ባጃጇ ወደ እሱ ታዘነብላለች። ጌታን አገኘሁ ብሎ ሊጠመቅ ነው፤ አጥማቂዋ ደግሞ የልጄ ልጅ ሶስና ናት። ጫኝ ጓደኞቹ፣ «ለአንተማ ክሬን ነው እንጂ መጋቢ አይበቃህም» እያሉ ሲስቁበት ሰነበቱ። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔን ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም።

ሶስናን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኔ ማተቤን አልበጠስኩም፤ እንደ አባት እናቴ አለሁ። እሷ ገና ተማሪ ሳለች ወደ ወንጌላውያን ሄደች። አለቀስኩ፤ አልቅሼ ሳበቃ ምሳዋን ቋጠርኩላት። ምን ይደረጋል፣ ልጅ ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቷን ጨርሳ ከአሊዩ አምባ እስከ ካራቆሬ በሚኒባስም በእግሯም እየዞረች ዓመታት አገለገለች። ስትሰብክም፣ ለቅሶ ስታጽናናም፣ በሽተኛ ስትጠይቅም ስሟ «እኅት ሶስና» ነበር። በዚህ ዓመት ጥር ላይ እጅ ጭነው መጋቢ አሏት። በእኛ ቆላ ይህን ማዕረግ ያገኘች ሴት ከእሷ በፊት አላየንም።

ደስታዬን ሳልጠግበው ስጋቱ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች የሚበልጡት ጋሽ አሰፋ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረው ተገርፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም የቆመው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። ድሮ አጥማቂ ከሩቅ አገር ሲመጣ፣ ቀድመው ወንዝ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። የቁርቁራ ዱላቸውን ታች እየተከሉ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋሉ። ዱላው ላይ በቢላ የተበጀች ምልክት አለች፤ ውሃው ከምልክቷ ካነሰ ሰው አይጠመቅበትም።

እኚህ ሰው በሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ ያሏትን ሶስና ራሷ ነገረችኝ። «አልቃወምሽም። ግን አንድ ሰው ከእጅሽ ቢያመልጥ አገር ይስቅብናል። ብቻሽን ታጠምቂያለሽ። የሌላ ሰው እጅ ካስፈለገሽ፣ ጥምቀቱንና የጌታን እራት ለወንዶቹ ትተሽ ሴቶችን ታስተምሪያለሽ።» እሷም እሺ ብላ መጣች። ምነው እሺ ከማለትሽ በፊት ብታማክሪኝ ብላት ሳቀች። ዱላውን እንዲያውሷትም ጠይቃቸው ነበር፤ መንገድ መሄጃዬ ነው ብለው ከለከሏት።

ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጥምቀቱ ሌላ ጊዜ ኅዳር ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ሹመቱ እስኪመጣ ብለው የካቲት አደረጉት። ታዲያ ያን ሁሉ ሲማከሩ የውሃ ተራ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የካቲት ላይ ሮቢ እንደ ልቡ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ላይኛው መስኖ ላይ በአሸዋ ጆንያ ተጠልፎ ቦይ ይገባል፤ ሽንኩርቱና ማሾው በተራ ይጠጣዋል። ዓርብ ዕለት ከሾላው ሥር ወዳለው መጠመቂያ ኩሬ ወርጄ ብቆምበት ከጉልበቴ በታች ቀረ። እዚያ ውስጥ ጌታቸውን ማጋደም በሬ ከጭቃ እንደ ማንሳት ነው፤ ውሃ ካልተሸከመው ሸክሙ በሙሉ የእሷ ነው።

ለሶስና ስነግራት እግዚአብሔር ያውቃል አለችኝ። እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ የመስኖውን ተራ የሚያዙት የውሃ አባት ግን ጋሽ ሳልህ ናቸው። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

ጋሽ ሳልህ ቦያቸው ዳር ቆመው አካፋቸውን ተደግፈዋል። የእሑድ ጠዋት ተራ የማን ነው ብላቸው የራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ሽንኩርታቸው ራስ እየቋጠረ ነው፤ ይህን ጊዜ ውሃ ስጡኝ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አፈርኩ፤ ግን ተናገርኩት። ሰሙኝና የጌታቸው ነገር ላይ ስደርስ ሳቃቸው መጣ።

«ያንን ዝሆን? ብቻዋን?»

«ብቻዋን» አልኳቸው።

አካፋቸውን አፈሩ ላይ ተከሉና፣ «እትዬ የሺ፣ አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ እኅቴ ሂዳያ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ከፍታ ያስጠጋቻት ልጅዎት ናት። እናንተ የኛ ናችሁ ወይስ የነሱ ብላ አልጠየቀችም» አሉ። «ኢንሻአላህ እሑድ እስከ ቀትር ውሃውን ወደ ወንዙ እለቀዋለሁ። ሽንኩርቱ ትንሽ ቢጠማው አይሞትም።»

መረቅኋቸው። ግን ቤቴ ስገባ ሌላ ስጋት ያዘኝ፤ ውሃው ቢበዛስ?

እሑድ ሮቢ ሞልቶ ጠበቀን። ሊጠመቅ የመጣው፣ ሊዘምር የመጣው፣ ሊስቅ የመጣውም ዳር ዳሩን ቆሟል። ጋሽ አሰፋ ዱላቸውን ተደግፈው ውሃውን አዩ፤ ቀና ብለው ወደ ላይኛው መስኖ አዩ። ሶስና ጫማዋን አውልቃ ብቻዋን ገባች። ያለ ዱላ፣ በእግሯ ጣት እየዳበሰች ኩሬውን ዞረችው፤ ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመችና ጌታቸውን ጠራችው።

ለካ ያ ግዙፍ ሰው ውሃ ይፈራል። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብላ ወደ ኋላ ስታጋድመው፣ ጆሮው ውሃ እንደነካ ተፈራግጦ አንገቷን አነቃት። ሁለቱም ተንገዳገዱ። አንዱ ከዳር፣ «ኧረ ያዟት፣ ሰመጠች» አለ። ጋሽ አሰፋ አንድ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አስገቡ። ያድኗት ብል መጋቢነቷ አለቀ፣ ዝም ብል ልጄ አለቀች።

«ማንም እንዳይገባ» አለች ሶስና። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ጌታቸው፣ አንገቴን ልቀቅና አፍንጫህን ያዝ።»

ለቀቃት። ቆመው ተነፈሱ። ጋሽ አሰፋ እግራቸውን ሳያወጡ፣ «ግንባሩ አልራሰም» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሽ አሰፋ፤ ገና ነን።»

ያኔ ጉልበቷን ስታጥፍ አየኋት። ያን አስተጣጠፍ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለች ከዚሁ ወንዝ በእንስራ ስንቀዳ በክንድሽ አታንሺ፣ ወገብሽን አግቢበትና ከነሰውነትሽ ተነሺ እያልኩ ያለማመድኳት ነው። ጌታቸው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ። ግንባሩም ጢሙም ውሃው ውስጥ ጠፋ፤ አረፋ ብቻ ቀረ። ከዚያ እንደ ሞላ እንስራ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የእሷ ክንድ ከጀርባው ሳይለቅ። ውሃው ከጸጉሩ ይወርዳል፤ እያለቀሰ ይስቃል። ከጫኞቹ አንዱ፣ «ክሬኑን መልሱት» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እልልታውም ቀለጠ። እኔም ማተቤን እንዳሰርኩ አብሬ እልል አልኩ።

ከእሱ በኋላ ያሉት ቀላል ሆኑ። ኮረዳዋም፣ ባልቴቷም፣ ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌም አንድ በአንድ ገብተው ወጡ፤ ማንም አልደገፋትም። ሲያበቃ ላይኛው ቦይ ዳር ጋሽ ሳልህ አካፋቸውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩን አየሁ። ወዲያው ጆንያውን ወደ ቦታው ይመልሱ ጀመር።

ከቀትር በኋላ ቤታችን ሰው ሞላ። ሶስና ራሷን በፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ብርድ እንዳይመታት ሾርባውን በግድ አጠጣኋት። ሰዉ ተመርቆ ሲወጣ ጋሽ አሰፋ ገቡ። አንድ እግር ሱሪያቸው እስካሁን አልደረቀም። ሶስና ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ምሳ አቀረብኩ፤ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ። አሁን ምን ሊሏት ይሆን ስል፣ ተነሡና የቁርቁራ ዱላቸውን የሶስና መጽሐፍ ቅዱስ ካለበት ቦርሳ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ምልክቷን በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሷት።

«ዱላዎትን ረሱ» ልላቸው ስል ሶስና ክንዴን ያዘችኝ። ጋሽ አሰፋ መቃኑን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ያለ ዱላቸው ወጡ።