ያልተጨማደደው አንሶላ

ኢንስፔክተሯ ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ትመጣለች ስለተባለ፣ ማክሰኞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ አሌክሳንድሪያ ታናሽ እኅቴ ተናኘ ቤት ሄድኩ። በቦርሳዬ ሁለት ቴርሞሜትር፣ የመለኪያ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ስድሳ አራት ጥያቄዎች በተራ ቁጥር የሰፈሩበት ወረቀት ይዣለሁ። ጥያቄዎቹን ያወጣኋቸው የሕፃናት ማቆያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ለእኅቴ ከላከላት መመሪያ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የዘለልኩት ገጽ የለም።

እንዲህ ያለ ሥራ አይከብደኝም። ኮምቦልቻ በሚገኘው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በየሦስት ሰዓቱ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የዝናቡን መጠን እያየሁ መዝግቤያለሁ። አለቃዬ የነበሩት አቶ ወልደአምላክ ለአዲስ ሠራተኛ የሚሰጡት ምክር አንድ ብቻ ነበር። “ያየኸውን ጻፍ፤ የመሰለህን ለራስህ ያዘው” ይሉ ነበር።

ተናኘ አሥራ አራት ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድታለች። ወገቧ ከእንግዲህ አልችልም ሲላት ባለፈው ወር ለቀቀችና ቤቷ ውስጥ ሕፃናት ለመያዝ ተነሣች። ሥልጠናውን ጨረሰች፣ አሻራዋን ሰጠች፣ የቀራት ኢንስፔክሽኑ ብቻ ነው። ካለፈች ላይሰንሷን ታገኛለች። ካላለፈች ግን የሆቴሉ ሱፐርቫይዘር ቦታዋን የሚያቆይላት እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ተመልሳ ያንን የአንሶላ ጋሪ መግፋት ነው። ሐኪሟ ደግሞ ጋሪውን እንዳትነካው ነግሯታል።

ላይሰንሱ እስኪመጣ ሁለት ልጆች ብቻ ትይዛለች። አንዷ ዮዲ ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሁሉን ጠያቂ። ሌላዋ ኤፍራታ፣ የሰባት ወር ሕፃን። እኔ ስገባ ኤፍራታ ተናኘ ደረት ላይ ተኝታ ነበር። ተናኘ በአንድ እጇ እሷን ደግፋ በሌላው በሩን ከፈተችልኝ።

“እንኳን ደህና መጡ ሚስተር ኢንስፔክተር” አለችኝ በሹክሹክታ። “ጫማዎን።”

“ጫማ ማውለቅ መመሪያው ላይ የለም።”

“የእኔ መመሪያ ላይ አለ።”

አወለቅሁ። ዮዲ ቴርሞሜትሩን ስታይ “ኢዝ ሂ ኤ ዶክተር?” ብላ ተናኘ ኋላ ተደበቀች።

“ዶክተር አይደለም፤ ጋሼ ኃይለመለኮት ነው። ዝናብ ነበር የሚለካው” አለቻት።

“ዋይ?”

ለምን እንደሚለካ መጠየቋ ነው፤ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ።

የእጅ መታጠቢያውን ሙቅ ውኃ ለካሁ፤ ከተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት አይበልጥም። የፍሪጁን ሙቀት ለካሁ፤ ልክ ነው። ሶኬቶቹ በሙሉ ተከድነዋል፤ አሥራ ሰባት ናቸው። የመጋረጃዎቹ ገመዶች ልጅ እንዳይጠላለፍባቸው ወደ ላይ ተጠቅልለው ታስረዋል፤ ከወለሉ እስከ ገመዱ ጫፍ ያለውን በሜትር አረጋገጥሁ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ተጫንኩት፤ ጮኸ፤ ዮዲም አብራው ጮኸች፤ ኤፍራታ ግን አልነቃችም።

በረኪናውና ሳሙናው ከላይኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከእነሱ ራቅ ብሎ ለብቻው አንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀምጧል።

“ይኼስ?” አልኳት እንደ ኢንስፔክተር ድምፄን አጎርንኜ።

“ፀበል።”

“ኢንስፔክተሯን ፀበል ብትያት ይገባታል?”

“አንብበዋ።”

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎበታል፦ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የተባረከ ውኃ፣ የእኔ፣ ለልጆች አይሰጥም። ይህ በስድሳ አራቱ ጥያቄዎቼ ውስጥ አልነበረም። ከሥር ስድሳ አምስት ብዬ ጨመርኩት።

ከዚያ በኋላ የጨመርኳቸው ብዙ ናቸው። ተናኘ ከሳምንት በፊት በሆዷ ተኝታ ቤቱን በሙሉ እየተሳበች ዞራው ነበር፤ በዚያ ወገቧ። ከሶፋው ሥር ወጥቶ የቀረ የስቴፕል ሽቦ ያገኘችው እንዲያ ሆና ነው። “አንተ ከላይ ሆነህ ታያለህ፤ ልጅ ግን ከታች ነው የሚያየው” አለችኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ስታዘብ ቴርሞሜትሩ በተሰቀለበት ቁመት ነው ያየሁት። በሆዴ ተኝቼ አላውቅም።

በተራ ቁጥር አርባ የሕፃኗ አልጋ ነበር። በመከለያ ዘንጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ። ፍራሹ ጠንካራ ነው። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት የለበትም። አንሶላው ከአራቱም ማዕዘን ተወጥሮ አንዲት ጭምድድ የለበትም፤ በባትሪ ከጎን አብርቼ አየሁት፤ እንደ ወረቀት ነው። በልቤ አሥራ አራት ዓመት ሆቴል የሠራች ሴት እንዲህ ታነጥፋለች ብዬ፣ ወረቀቱ ላይ “አንሶላ፦ እጅግ ንጹሕ፤ በየቀኑ ይቀየራል” ብዬ ጻፍኩ። ማታ ሶፋዋ ላይ ስጋደም ስድሳ አራቱም፣ የተጨመሩትም፣ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከቀጠሮዋ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀድማ ደረሰች። ሚስ ዶሪን ትባላለች፤ ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች፣ አንድ ጉልበቷን በፋሻ ያሰረች ሴት ናት። በሩ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች አይታ ሳትጠየቅ ጎንበስ ማለት ስትጀምር ዮዲ የራሷን ትንሽ ወንበር ጎትታ አመጣችላት። ሚስ ዶሪን ያችን ወንበር ሞልታ ጫማዋን አወለቀች። ያኔ ይህች ሴት የምትፈራ አይደለችም ብዬ አሰብኩ፤ ይህም የመሰለኝ እንጂ ያየሁት አልነበረም።

ተናኘ ኤፍራታን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ክፍል ለክፍል አስጎበኘቻት። የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች። መድኃኒቶቹን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን፣ የእሳት ልምምድ መዝገቡን አሳየች። ሚስ ዶሪን የፀበሉን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበችና ምልክት አደረገች። ከሶፋው ሥር ለማየት ጎንበስ ስትል ጉልበቷ ስላስቸገራት ተናኘ “እኔ ተኝቼ አይቼዋለሁ” አለቻት። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ የሕፃኗ አልጋ ዘንድ ደረስን። ሚስ ዶሪን ቆመች። እንደ እኔ ባትሪ አላበራችም፤ በመዳፏ አንሶላውን ዳበሰችው። ደግማ ዳበሰችው።

“ልጅቷ እዚህ ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው?”

“ሦስት ሳምንት።”

“እዚህ አልጋ ላይ ሰው ተኝቶ አያውቅም” አለች ሚስ ዶሪን። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ሳቋ ግን ጠፍቷል። “ልጅቷ የት ነው የምትተኛው? አንቺ አልጋ ላይ?”

አንሶላው እንዳልኩት በየቀኑ ቢቀየር እንኳ ፍራሹ ላይ የሕፃን ጭንቅላት ያረፈበት ምልክት ይኖር ነበር። እኔ ያየሁት ጭምድድ የሌለው አንሶላ ነው፤ የጻፍኩት ግን የመሰለኝን ነው።

ተናኘ አልተደናገጠችም። በግራ እጇ የኤፍራታን ልብስ አንገቱ ዘንድ ገለጥ አደረገችው። ቀጭን ጥቁር ክር ታየ።

“እዚህ ነው የምትተኛው” አለች ደረቷን እየነካች፣ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛዋ። “ይህ የክርስትና ክሯ ነው። ሥልጠናው ላይ አንገቷ ላይ ምንም ነገር እያለ ሕፃን አልጋ ላይ አይተኛም ብላችሁ አስተማራችሁኝ። እናቷን በመጀመሪያው ቀን ይውለቅ ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ አለቀሰች። ያለ እናቷ ፈቃድ አላወልቀውም። ክሩ እያለ ደግሞ አላስተኛትም። ስለዚህ ነቅቼ ይዣት እቀመጣለሁ።”

“ለስንት ሰዓት?”

“ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ።”

የመጋረጃዎቹን ገመድ በሜትር መለካቴ ትዝ አለኝ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ገመድ ሁሉ ቆጥሬ ሕፃኗ አንገት ላይ ያለውን አላየሁትም፤ የራሴም አንገት ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ለዓይኔ ገመድ አልነበረም። ተናኘ ግን አይታዋለች። ካየችውም በኋላ ሁለቱንም፣ ደንቡንም እናቲቱንም፣ ሳትጥል በታመመ ወገቧ ተሸክማቸዋለች።

ሚስ ዶሪን ረጅም ጊዜ ጻፈች። “ሌላው ሁሉ አልፏል” አለች በመጨረሻ። “እንዲህ የተዘጋጀ ቤት ብዙ አላይም። ይህንን አንዱን ግን ማለፍ አልችልም። ሕፃን በራሷ አልጋ፣ በጀርባዋ፣ አንገቷ ላይ ምንም ሳይኖር መተኛት አለባት። አርብ በእንቅልፍ ሰዓቷ እመለሳለሁ። ተኝታ ካገኘኋት እፈርማለሁ፤ ካላገኘኋት ማመልከቻሽ ይመለሳል።”

በሩ እንደተዘጋ “አርብ ዕለት ለሁለት ሰዓት አውልቀሽ መልሰሽ ታስሪላታለሽ፤ እናቷ በምን ታውቃለች?” አልኳት።

“ጋሼ!” ብላ አፈጠጠችብኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። “የሰው ልጅ ማተብ በስርቆት ልፍታ? ነገ ልጇን ለእኔ ትታ ስትሄድ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?”

ሜትሬንና ባትሪዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

የኤፍራታ እናት ብሩክታይት ከአውሮፕላን ማረፊያ ሥራዋ ስትመለስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዲቪ ደርሷት ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገባች።

“እትዬ ተናኘ፣ አለፉ?”

“አንድ ቀረኝ።”

“ምን?”

ተናኘ ነገረቻት። አላጋነነችም፣ አልለመነችም፤ ኢንስፔክተሯ ያለችውን ብቻ ተናገረች። ስለ ላይሰንሷም ሆነ ስለ ሆቴሉ አንድ ቃል አላነሣችም። ብሩክታይት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ።

“በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የታሰረ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልወለቀም። ዛሬም ማተብ ፍቺ ነው የሚሉኝ፣ እርስዎ ራስዎ?”

“ፍቺ አላልኩሽም፤ ጠየቅሁሽ። አንቺ ነሽ የምትወስኚው።”

“እስከ ዛሬ ታዲያ እንዴት ስታስተኚ... እንዴት ሲያስተኟት ነበር?”

ተናኘ ከመመለሷ በፊት እኔ ጣልቃ ገባሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ተናገርኩ፦ ትናንትም ዛሬም ልጅቷ ደረቷ ላይ እንደተኛች፣ አልጋው እንዳልተነካ፣ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል እንደሆነ፣ ሦስት ሳምንት እንደሞላ።

ብሩክታይት ወደ አልጋው ሄደች። እሷም አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችው።

“በዚያ ወገብ?” አለች ወደ እኛ ሳትዞር።

“ትሞቃለች እኮ፤ ክረምት ቢሆን ደግሞ ማሞቂያ አልከፍትም ነበር” አለች ተናኘ።

ብሩክታይት ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። “እንዲህ ማለትዎ ነው የሚያናድደኝ” አለች። አፍንጫዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። “ክሩን ስፈታው የት ነው የሚቀመጠው?”

ከበሩ ጎን፣ ከሥዕለ ማርያም በታች አንዲት መንጠቆ አለች። ትናንት ቁመቷን ለክቼ “የቁልፍ መስቀያ” ብዬ ጽፌያለሁ። ተናኘ ጣቷን ስትዘረጋ ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ከሥሯ በእርሳስ፣ በትንንሹ፣ “ኤፍራታ” የሚል ተጽፎባታል።

“ጠዋት አንቺ ትፈቺዋለሽ፣ ማታ አንቺ ታስሪዋለሽ” አለቻት። “እኔ አልነካውም።”

ብሩክታይት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክሩን ያዘች። ቋጠሮው በወተትና በምራቅ ደርቆ እንደ ጠጠር ሆኗል። ጥፍሯ ተንሸራተተ።

“መቀስ ላምጣ?” አልኩ።

“መቀስ አይነካውም!” አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

“አምጪው ወደ ብርሃን” አልኩና መነጽሬን አደረግሁ። ተናኘ የስፌት ሣጥኗ ውስጥ ካሉት መርፌዎች ጫፉ የደነዘዘውን መርጣ ሰጠችኝ። ብሩክታይት መዳፏን በልጇ አንገትና በመርፌው መካከል አስገባች። ቋጠሮውን በውኃ አርሼ፣ ክሩ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ መጀመሪያ በዓይኔ ተከተልኩት። ዮዲ ክርኔ ሥር ቆማ “ጋሼ፣ ዝናብ ነው?” ትለኛለች። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ለቀቀ። አንድም ፈትል አልተበጠሰም። ብሩክታይት ክሩን ስማ መንጠቆዋ ላይ ሰቀለችው።

ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎን ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኤፍራታ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ግን ቤቱን በጩኸት አናጋችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ላይ የተኛች ልጅ ፍራሽ እሺ አላለችም። ተናኘ አላነሣቻትም፤ ጥላትም አልሄደችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በዘንጎቹ መካከል እጇን አስገብታ ሆዷን ያዘችላት። ወደ ቤቴ መመለሴን ትቼ ሰዓት ያዝኩ። ጠዋት ስምንት ደቂቃ ተኛች። ከሰዓት ሃያ ሁለት ደቂቃ። ተናኘ ከወለሉ ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ ነው።

“ስንት ሞላ?” አለችኝ።

“ሃያ ሁለት።”

“ከጠዋቱ ይሻላል” አለች።

አርብ ከሰዓት ሚስ ዶሪን ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ፤ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ። ጫማዋን አወለቀች። ኤፍራታ በጀርባዋ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አንገቷ ባዶ ሆኖ ተኝታለች። ሠላሳ አንደኛ ደቂቃዋ ነበር። ተናኘ ከጎኗ ወለሉ ላይ ናት። ሚስ ዶሪን የዮዲን ትንሽ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና አብራት ጠበቀች።

ኤፍራታ በአርባ ስድስተኛው ደቂቃ ነቃች። ተናኘ አነሣቻት። አንሶላው መካከሉ ጎድጉዶ፣ ተረከዟ በረገጠበት ተሰብስቦ፣ ራስጌው ላይ ምራቅ አርሶታል። የተናኘ ነፃ እጅ የሆቴል ልማዷ ሆኖ ሊወጥረው ወደ ማዕዘኑ ሄደ።

“ቆይ፣ አትንኪው” አለች ሚስ ዶሪን። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፈረመች።

እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቴን አወጣሁ። ተራ ቁጥር አርባ ላይ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከበላዩ “አንሶላ፦ ተጨማድዷል” ብዬ ጻፍኩና ሰዓቱን ጨመርኩበት።